ካርል ሮጀርስ፦ ለመሆኑ ካውንስለር መሆን የሚችለው ማን ነው?

እንደሚታወቀው «ካውንስለር» የሚለውን ቃል ወደ አማርኛ ስንመልሰው «አማካሪ» እንላለን። አማካሪ ሲባል ደግሞ ወዲያው ትዝ የሚለን ምክር የሚሰጥ ሰው ነው፤ የንስሐ አባት፣ የሰፈር ሽማግሌ፣ ታላቅ ወንድም። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚለው አባባልም የመካሪውን ሥራ እዚያው ላይ ይጨርሰዋል። መካሪው ተናግሯል፣ የቀረው የተመካሪው ጉዳይ ነው ማለት ነው። እኔም ለፕራክቲከም ወጥቼ የመጀመሪያውን ተማሪ ባነጋገርኩ ጊዜ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ልጁ ከዶርም ጓደኞቹ ጋር አለመስማማቱን መናገር ጀመረ፤ ገና ሳይጨርስ ሦስት ምክር ሰጠሁት። አመስግኖኝ ወጣ። ተመልሶ ግን አልመጣም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ከራሴ አልወጣም። አንድን ሰው በዩኒቨርሲቲ የካውንስሊንግ ማዕከል ውስጥ ወንበር ይዞ ለመቀመጥ ብቁ የሚያደርገው ምንድን ነው? ዲግሪው ነው? የሥራ ፈቃዱ ነው? ወይስ ሌላ ነገር አለ? ከዚህ ጥያቄ ጋር ዕድሜውን ሙሉ የታገለ ሰው ቢኖር ካርል ሮጀርስ ነው። ሁላችንም ስሙን ከመማሪያ መጻሕፍት እናውቀዋለን፤ ለፈተናም ሦስቱን ነጥቦች ሸምድደናል። ሕይወቱን ግን ብዙዎቻችን አናውቅም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የሕይወት ታሪኩን ከጥያቄያችን ጋር እያያዝን እናያለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ካርል ራንሰም ሮጀርስ ጃንዋሪ 8 ቀን 1902 ከቺካጎ ወጣ ብላ በምትገኘው ኦክ ፓርክ ተወለደ። ከስድስት ልጆች አራተኛው ነበር። አባቱ ምህንድስና ተምሮ በኮንስትራክሽን ሥራ የተሰማራ ሰው ሲሆን፣ ቤተሰቡ በሃይማኖቱ እጅግ ጥብቅ የሆነ የፕሮቴስታንት ቤተሰብ ነበር። መጠጥ፣ ዳንስ፣ የካርታ ጨዋታ፣ ቲያትር በዚያ ቤት አይታሰብም። ካርል አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ እርሻ ቦታ ተዛወረ። ልጁ ጓደኛ የሌለው፣ መጽሐፍ ላይ የተተከለ ዓይነት ነበር። በጫካ ያገኛቸውን የእሳት እራቶች እያሳደገ ያጠናል። አባቱ እርሻው በሳይንስ ዘዴ እንዲካሄድ ይፈልግ ስለነበር ካርልም ስለ ከብት አመጋገብ የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ አንብቦ ጨረሰ። አንድ ነገር ይጠቅማል ለማለት መጀመሪያ መሞከር፣ መለካትና ማወዳደር እንደሚያስፈልግ የተማረው ከላቦራቶሪ ሳይሆን ከዚያ እርሻ ነው። ይህን ነጥብ እንያዘው፤ ኋላ ላይ ይመጣል።

በ1919 ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የገባው ግብርና ሊያጠና ነበር። ብዙም ሳይቆይ ቄስ ለመሆን አሰበና ወደ ታሪክ ትምህርት ተዛወረ። በ1922 ለክርስቲያን ተማሪዎች ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተመርጦ ወደ ቻይና ሄደ፤ ጉዞው ከስድስት ወር በላይ ወሰደ። ቅን የሆኑ ሰዎች በእምነት ጉዳይ ፈጽሞ የተለያየ ሐሳብ ሊኖራቸው እንደሚችል ያየው በዚያ ጉዞ ላይ ነው። በ1924 ተመርቆ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቃትን ሄለን ኤሊየትን አገባና ኒውዮርክ ወደሚገኘው ዩኒየን ቲዎሎጂካል ሴሚናሪ ገባ።

እዚያ አንድ ደስ የሚል ነገር ተፈጠረ። ሮጀርስና ጓደኞቹ ትምህርት የሚታሰብበት ግን መምህር የሌለው ሴሚናር እንዲፈቀድላቸው ጠየቁ። ውይይቱ የሚነሳው ከራሳቸው ጥያቄ ብቻ እንዲሆን ነው የፈለጉት። ትምህርት ቤቱም፣ አንድ ወጣት መምህር ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ብቻ አድርጎ ፈቀደላቸው። ከተሳታፊዎቹ ብዙዎቹ በዚያ ውይይት ምክንያት የክህነትን ሐሳብ ተዉ፤ ሮጀርስም አንዱ ነበር። መንገዱን ተሻግሮ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቲቸርስ ኮሌጅ ገባና ሥነ ልቦና ማጥናት ጀመረ። ዶክትሬቱንም በ1931 አገኘ።

ከወረቀት ጋር የተደረገው የመጀመሪያ ግጭት

የብቃት ጥያቄ ሮጀርስን ያገኘው ገና ተማሪ ሳለ ነው። ኒውዮርክ በሚገኝ የሕፃናት ምክር ተቋም ለልምምድ ተመርጦ 2,500 ዶላር እንደሚከፈለው ተነገረው። ሥራው ሊጀመር ሲል ግን ሌላ ደብዳቤ መጣ። ለካስ 2,500 ዶላሩ ለአእምሮ ሐኪሞች ነው፤ የሥነ ልቦና ተማሪ የሚያገኘው 1,200 ብቻ ነው። ባለትዳርና የልጅ አባት የነበረው ሮጀርስ ቃል የተገባልኝ ይህ አይደለም ብሎ ጠንከር ያለ ደብዳቤ ጻፈ፣ ሙሉውንም ገንዘብ ተቀበለ። ያኔ የተቆረቆረው ለኪሱ ነው እንጂ ለሙያው አልነበረም። ይሁን እንጂ ሐኪምና የሥነ ልቦና ባለሙያ በአንድ ክፍል ተቀምጠው አንድ ሥራ እየሠሩ፣ በወረቀታቸው ምክንያት ግን በሁለት ዋጋ እንደሚታዩ አየ።

በ1928 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ባለችው ሮቸስተር ከተማ፣ ሕፃናትን ከጭካኔ የሚከላከል ማኅበር ቀጠረው። ደመወዙ በዓመት 2,900 ዶላር ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት እዚያ ቆየ። ፍርድ ቤትና ልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች የሚልኳቸውን ልጆች ይመረምራል፣ ፈተና ይሰጣል፣ ለወላጆች ደግሞ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ይነግራል። በሌላ አነጋገር እኔ በፕራክቲከም ያደረግኩትን እሱም ሲያደርግ ነበር፤ ልዩነቱ እሱ በዕውቀት ማድረጉ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ልጇ አስቸጋሪ የሆነባት አንዲት እናት ትመጣለች። ሮጀርስ የችግሩን ምንጭ አውቆታል፤ እናትየዋ ልጁን በሕፃንነቱ ከልቧ አልተቀበለችውም። ይህን ቀስ እያለ፣ ከራሷ ንግግር እያወጣ፣ በብዙ ቀጠሮ ሊያሳያት ሞከረ። አልሆነም። በመጨረሻም ሁለታችንም ሞክረናል፣ አልተሳካም፣ ብናቆም ይሻላል አላት። እሷም ተስማምታ ተሰናበተች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ዘወር ብላ፣ እዚህ ቤት ለትልልቅ ሰዎችም ምክር ይሰጣል ወይ ብላ ጠየቀች። አዎ ሲላት ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና ስለ ትዳሯ፣ ስለ ባሏ፣ ስለ ተስፋ መቁረጧ መናገር ጀመረች። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ከሰጠችው ደረቅ የልጅ ታሪክ ጋር የማይመሳሰል ነገር ነበር። ሮጀርስ ምንም ሊያደርግ አልቻለም፤ ዝም ብሎ አዳመጠ። ከብዙ ቀጠሮ በኋላ የእሷም የትዳር ሕይወት ተሻሻለ፤ የልጁም ችግር ቀለለ።

ሮጀርስ የሕይወቱ መዞሪያ አድርጎ ያየው ይህን ነው። የሚያመው የት እንደሆነ፣ የትኛው ጉዳይ መቅደም እንዳለበት የሚያውቀው ባለጉዳዩ ራሱ ነው። ካውንስለሩ አዋቂነቱን ለማሳየት ካልፈለገ በቀር ባለጉዳዩን ተከትሎ መሄድ ይችላል።

የሮቸስተር ቆይታው ያለቀው ግን በሌላ ግጭት ነው። አዲስ የጋይዳንስ ማዕከል ሲቋቋም፣ እንዲህ ያለውን ቤት መምራት ያለበት ሐኪም ነው የሚል ተቃውሞ ተነሳበት። ሮጀርስ ብዙ ተሟግቶ አሸነፈና ዳይሬክተር ሆነ።

ኦሃዮ፦ ራስን ማስመርመር

በ1940 ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰርነት ወሰደው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 11 ቀን ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ላይ ባደረገው ንግግር ምክር መስጠትን ተቸ። አዳራሹ ተናወጠ፤ አንዳንዱ አደነቀው፣ አንዳንዱ ተቆጣ። ሮጀርስ የራሱን አዲስ መንገድ መያዙን ያወቀው በዚያ ቀን ነው። በ1942 ያሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ አስፋፋ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ በሽተኛ የሚለውን ቃል ትቶ ክላየንት አለ። ቃሉ ሲታይ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በሽተኛ የሚጠብቀው ሐኪሙን ነው፣ ክላየንት ግን የራሱን ጉዳይ ይዞ የመጣ ሰው ነው። «ካውንስሊንግ» የሚለውን ቃል መጠቀሙም ምክንያት ነበረው። ሳይኮቴራፒ የሐኪም ሥራ ነው በተባለበት ዘመን የሥነ ልቦና ባለሙያ ያንኑ ሥራ በሌላ ስም መሥራት ነበረበት።

ከሁሉ በላይ ግን ወደ ጥያቄያችን የሚያስገባን ሌላ ነገር ነው። ሮጀርስና ተማሪዎቹ የካውንስሊንግ ክፍለ ጊዜያትን በድምፅ መቅዳት ጀመሩ። የዘመኑ መቅጃ እንደዛሬው ሞባይል አልነበረም። በሸክላ ላይ የሚቀዳ ሲሆን የአንዱ ሸክላ አንድ ገጽ ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ይይዛል። ሸክላ እየቀየሩ፣ እየገለበጡ አንድ ሰዓት መቅዳት ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ መገመት አያዳግትም። በ1942ቱ መጽሐፍ ውስጥ የአንድ ባለጉዳይ ሙሉ ሕክምና፣ ስሙ ተቀይሮ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቃል በቃል ወጣ። ከዚያ በፊት ካውንስለር በተዘጋ በር ውስጥ የሠራውን ሥራ ዓለም የሚያውቀው ከራሱ ከካውንስለሩ ትዝታ ብቻ ነበር። አሁን ግን ተማሪው የራሱን ድምፅ ይሰማል፤ የት እንዳቋረጠ፣ የት እንደተቻኮለ፣ የት ሰውየው ሊያለቅስ ሲል ወሬ እንደቀየረ። ከተማሪዎቹ አንዱ እነዚህን ቅጂዎች ሲያጠና፣ መመሪያ የሚያበዙት ካውንስለሮች ከማያበዙት ይልቅ ስድስት እጥፍ የሚጠጋ ቃል እንደሚናገሩ አገኘ። ይህን ሳነብ የእኔ ሦስት ምክሮች ትዝ አሉኝ።

ቺካጎ፦ ማዕከሉ

በ1945 ሮጀርስ ወደ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ የካውንስሊንግ ማዕከሉን አቋቋመ። አሥራ ሁለት ዓመት መራው። ተማሪውም የአካባቢው ነዋሪም እዚያ ይገለገል ነበር። አስተዳደሩ ራሱ ለየት ያለ ነው። በስብሰባ ላይ ፕሮፌሰሩም፣ ተመራቂ ተማሪውም፣ ጸሐፊዋም እኩል ይናገራሉ። ሮጀርስ ያለውን ሥልጣን ለሠራተኞቹ ማካፈሉን እንደ ሥራው አካል ይቆጥረው ነበር፤ ባለጉዳዩን የሚያምን ካውንስለር የሥራ ባልደረባውን ሳያምን ሊቀር አይገባም ባይ ነው።

በዚያን ጊዜ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አልቆ ወታደሮች በብዛት እየተመለሱ ነበር። እነሱን የሚያነጋግሩ ካውንስለሮች በአስቸኳይ ስለተፈለጉ በ1946 እና በ1947 ማዕከሉ ሠልጣኞችን ተቀበለ። ሁሉም ማስተርስ ያላቸው ነበሩ። እንግዲህ እዚህ ላይ ልብ እንበል። ሮጀርስና ባልደረቦቹ ዲግሪ ላላቸው ሰዎች ሌላ ሌክቸር መጨመር አይበቃም አሉ። ሠልጣኞቹ በየቀኑ በትንንሽ ቡድን ለሰዓታት እየተቀመጡ ስለ ራሳቸው እንዲነጋገሩ ተደረገ። የሌላውን ሕመም ለመስማት የሚቀመጥ ሰው መጀመሪያ የራሱን ሳይሸሽ መስማት አለበት የሚል እምነት ነው።

ያም ሆኖ የወረቀቱ ጥያቄ ቺካጎም ተከትሎት መጣ። የዩኒቨርሲቲው የሳይካትሪ ክፍል ኃላፊ፣ የማዕከሉ ሠራተኞች ያለ ፈቃድ ሕክምና እየሠሩ ስለሆነ ማዕከሉ ይዘጋ ብሎ ጠየቀ። ሮጀርስ ያለውን ማስረጃ ሁሉ ሰብስቦ በኃይለኛ ቃል መለሰ፤ ጥያቄውም ተነሳ። ማስረጃ ነበረው ማለት ነው። የእርሻው ልጅ እዚህ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ከ1949 ጀምሮ በሮክፌለር ፋውንዴሽን ድጋፍ ማዕከሉ የራሱን ሥራ መመርመር ያዘ። ባለጉዳዮች ከካውንስሊንግ በፊትና በኋላ ስለ ራሳቸው ያላቸው ግምት ተለካ። ከፊሎቹ አገልግሎቱን ሳይጀምሩ ስልሳ ቀን እንዲጠብቁ ተደርጎ፣ ያለ እርዳታ በጊዜ ብቻ የሚመጣ ለውጥ መኖር አለመኖሩ ታየ። ውጤቱ በ1954 በመጽሐፍ ወጣ። በ1956 የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ለሳይንሳዊ አስተዋጽኦ የሚሰጠውን ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከሦስቱ ተሸላሚዎች አንዱ ሮጀርስ ነበር።

ካውንስለሩ ራሱ ሲደክም

አሁን ደግሞ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ብዙም የማይነሳውን እንይ። በ1949 አካባቢ ሮጀርስ ከባድ የአእምሮ ሕመም ከነበረባት አንዲት ባለጉዳይ ጋር ለረዥም ጊዜ ሠራ። ሁኔታዋ እየባሰ ሄደ። እሱ ደግሞ ልረዳት ይገባኛል እያለ ከአቅሙ በላይ ቀጠለ። በመጨረሻ የራሱንና የእሷን ስሜት መለየት አቃተው፤ ራሱ ሊታመም እንደሆነ ተሰማው። እሷን ለሐኪም ባልደረባው አስረክቦ፣ ከሄለን ጋር በፍጥነት ከተማውን ለቅቆ ሄደና ለሁለት ሦስት ወራት ራቀ። ሲመለስም በቃ ዳንኩ ብሎ ወደ ሥራው አልገባም። ከራሱ የማዕከሉ ሠራተኞች አንዱን ካውንስለር ይሆነው ዘንድ ጠየቀ። የማኅበሩ የቀድሞ ፕሬዚዳንት፣ የማዕከሉ መሥራች፣ ራሱ ካሠለጠናቸው ሰዎች ፊት እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ተቀመጠ። ሊወደድ የሚችል ሰው መሆኑን አምኖ ለመቀበል የቻለው በዚያ ወቅት እንደሆነ በኋላ ሳይደብቅ ተናግሯል።

በእኔ አስተያየት ከሮጀርስ ሕይወት ትልቁ ትምህርት ይህ ነው። ከአቅም በላይ የሆነን ጉዳይ በጊዜ ለሌላ ባለሙያ ማስተላለፍ የብቃት ማነስ አይደለም፤ የብቃት አንዱ ክፍል ነው። ሮጀርስ ይህን ያወቀው ዘግይቶ ነው፣ ዋጋም ከፍሎበታል።

ከቺካጎ በኋላ

በ1957 ዝነኛውን ጽሑፉን አሳተመ። ሰው እንዲለወጥ የሚያስፈልጉትን ሁኔታዎች ስድስት አድርጎ ዘረዘረ። እኛ በፈተና የምንጽፋቸው ሦስቱ፣ ማለትም የካውንስለሩ እውነተኛነት፣ ባለጉዳዩን ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበልና በእሱ ቦታ ሆኖ መረዳት፣ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የቀሩት በሁለቱ መካከል ግንኙነት መኖሩ፣ ባለጉዳዩ ከራሱ ጋር አለመስማማቱ፣ እንዲሁም የካውንስለሩ መቀበልና መረዳት ለባለጉዳዩ መድረሱ ናቸው። የመጨረሻውን ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን። እኔ ተረድቼዋለሁ ማለቴ አይበቃም፤ እሱ እንደተረዳሁት ሊሰማው ይገባል። ከሁኔታዎቹ ውስጥ ዲግሪ አልተጠቀሰም። ይህን ያነበቡ አንዳንዶች ሮጀርስ ሥልጠና አያስፈልግም አለ ብለው ተረዱት። እሱ ያለው ግን የመጽሐፍ ዕውቀት ብቻውን ካውንስለር አያደርግም፣ ሥልጠናው በተግባር መሆን አለበት ነው።

በዚያው ዓመት ወደ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። ሐሳቡን በሆስፒታል ባሉ የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን ላይ ሊሞክር ፈለገ። ይህ ጥናት አስቸገረው፤ በተመራማሪዎቹ መካከል ጠብ ተፈጠረ፣ ውጤቱም በ1967 ሲወጣ እንደተጠበቀው አልነበረም። የታከሙት በጠቅላላው ካልታከሙት ብዙ አልተሻሉም። ሮጀርስ ግን ውጤቱን አልደበቀም።

በ1964 ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ ላ ሆያ በምትባል ከተማ ኑሮውን መሠረተ። በ1973 ለሙያ ባልደረቦቹ ባቀረበው ጽሑፍ የሥራ ፈቃድን ራሱን ጠየቀ፤ ፈቃድ ያለው አታላይ እንዳለ ሁሉ ፈቃድ የሌለው ብቁ ሰውም አለ የሚል ነው ክርክሩ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት በግጭት ውስጥ ያሉ ሰዎችን ፊት ለፊት እያገናኘ ለማወያየት ደቡብ አፍሪካና ሶቪየት ኅብረት ድረስ ሄዷል። ባለቤቱ ሄለን በ1979 አረፈች። እሱም ወድቆ ዳሌው ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1987 በ85 ዓመቱ አረፈ።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ሮጀርስ ወረቀትን አልወደደም። ነገር ግን በወረቀት ፋንታ የጠየቀው ነገር ከወረቀት የቀለለ አይደለም። የራስን ድምፅ ቀድቶ በሌሎች ፊት መስማት፣ ራስን መመርመር፣ የሠሩትን መለካት፣ ያልተሳካውን መናገር፣ ሲደክሙ እርዳታ መጠየቅ ነው። ዲግሪ አንዴ ከተቀበሉት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ይህ ግን በየሳምንቱ እንደገና የሚጠየቅ ነው።

ይህ ማለት ግን ፈቃድና ዲግሪ ከንቱ ናቸው ማለት አይደለም። በዚህ ነጥብ ላይ ከሮጀርስ ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። በዛሬዋ አሜሪካ የዩኒቨርሲቲ የካውንስሊንግ ማዕከሎች በአብዛኛው ማስተርስ ወይም ዶክትሬት፣ በሱፐርቪዥን የተሠራ ልምምድና የሥራ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ምክንያትም አላቸው። ራሱን ሊያጠፋ ያሰበ ተማሪ ፊታችን ሲቀመጥ ምልክቱን ማወቅ፣ ምሥጢር መጠበቅ የሚቆምበትን ወሰን መለየት፣ ለማን እንደሚላክ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ ጥሩ ልብ ስላለን ብቻ አይመጣም። ሮጀርስ ራሱ በ1949 ያጋጠመው ይህንን ያሳያል። ጥሩ ጆሮ ያለ ዕውቀት አደጋ ላይ ይጥላል፤ ዕውቀት ያለ ጆሮ ደግሞ ተማሪውን ከበር ይመልሳል።

እኛ የዚህ ክፍል ተማሪዎች ስንመረቅ አንዳንዶቻችን የካውንስሊንግ ቢሮ እንገባለን። ከሩቅ አገር መጥቶ ቋንቋው የከበደው፣ በውጤቱ ምክንያት ሊባረር የደረሰ፣ ወይም ለማንም ያልነገረችውን ጉዳይ የያዘች ተማሪ በራችንን ታንኳኳለች። በዚያን ሰዓት የምንሰጣት ምክር ዝግጁ ሆኖ ሊጠብቃት ይችላል። የእኔ ልመና ከሮቸስተሯ እናት እንድንማር ነው። ሰው እውነተኛ ጉዳዩን ብዙ ጊዜ የሚያወጣው በሩ ላይ ደርሶ ዘወር ሲል ነው። እኔ ያነጋገርኩት ልጅም በሩ ላይ ትንሽ ቆም ብሎ ነበር። እኔ ግን መዝገቤ ላይ እየጻፍኩ ነበር።